ጥፋቱ የኮምፖስቱ አይደለም

«ኮምፖስት የፍራፍሬ ችግኝ ያቃጥላል፤ የደን አፈር ይበቃል» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው የገረጣ ቅጠል አይተዋል፤ አልክድም። ያዩት ግን ኮምፖስት ሳይሆን መብላላቱን ያልጨረሰ ጥሬ ቆሻሻ ነው። ያልበሰለ ክምር ይግላል፣ አሞኒያ ያወጣል፤ ገለባና ሰጋቱራ ከበዛበትም የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ችግኙን ይሻሙታል። ሊጥ በልቶ ሆዱን የታመመ ሰው እንጀራን ይከሳል እንዴ?

የበሰለው ጠቆር ያለ፣ የሚፈረፈር፣ የአፈር ሽታ ያለው ነው፤ ቢያገላብጡት ዳግም አይሞቅም። እሱም ቢሆን ብቻውን ከረጢት አይሞላበትም። ከአፈርና ከአሸዋ ጋር ከሦስት ወይም ከአራት እጅ አንዱ ይበቃል። ጨው ለማይችለው አቮካዶ እንዲያውም ይቀነስለታል።

ደግሞስ የደን አፈሩ ከየት ይምጣ? ከመናገሻ ሱባ? ችግኝ ለማፍላት ደን መላጥ! እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ ላይ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ ተከምሯል፤ ከቆሻሻችን አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከቆሼ ዝቀን እንሙላ አላልኩም፤ ባትሪና ጠርሙስ የተቀላቀለበት ለችግኝ አይሆንም። ከየቤቱና ከየአትክልት መደብሩ ተለይቶ የወጣ ልጣጭና ቅጠል ግን፣ ከፍግ ጋር ተከምሮ፣ እርጥበቱ ተጠብቆና እየተገላበጠ በጥቂት ወራት ይደርሳል። ቀራንዮ ደጋ ስለሆነ ክምሩ ከቆላው ይዘገያል፤ መታገሥ ነው።

ጸሐፊው የወቀሱት ኮምፖስት ስንት ወር እንደቆየ አልነገሩንም። ይንገሩን።