መጀመሪያ ፍሬኗ፣ ኋላ ሞተሯ

አዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዛሬም የድሮ ቮልስ አይጠፋም። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከግቢ የምትወጣ፣ ቀለሟ የሚያብረቀርቅ ቮልስ አለች፤ ጠዋት ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሳ ማታ ባለቤቷን ከሥራ የምትመልስም አለች። ለአዲስ መኪና የሚጠየቀው ገንዘብ ከደመወዝተኛው አቅም በላይ ከሆነ ቆይቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ በእጅ ያለችውን አድሶ መንዳት የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ከዕድሳቱ ጋር ግን ሌላ ፍላጎት ይመጣል፤ አሮጌዋን መኪና በዘመናዊ ዕቃ ማጠናከር። ተለቅ ያለ ሞተር፣ ሰፋ ያለ ጎማ፣ የሚያምር ቸርኬ። ፍላጎቱን አልቃወምም። የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ ቀድሞ የሚወጣው ጉልበት ለሚጨምረው ዕቃ ነው፤ መኪናዋን የሚያቆመውና መንገድ የሚያስይዘው ዕቃ የሚታሰበው ከዚያ የተረፈ ነገር ካለ ነው። ይህ መገልበጥ አለበት። ፍሬኑ፣ ጎማው፣ አሞርዛተሩና የኋላ አክስሉ ሳይስተካከሉ ጉልበት መጨመር፣ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ መጨመር ነው።

የጉልበት ጥማቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በብዛት ትሸጥ የነበረችው 1200 ቮልስ ሞተሯ 1192 ሲሲ ነው፤ 34 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፣ በሰዓት ከ115 ኪሎ ሜትር በላይም አያስኬዳትም። ይህ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል አየር የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ በካርቡሬተር የሚሠራ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ያጣል። 34ቱ ወደ 27 ይወርዳል ማለት ነው። አራት ሰው ጭና ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጣ በሁለተኛ ማርሽ የምታቃስተው ለዚህ ነው፤ ባለቤቷ 1600 ሞተር ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን የወጣ ሁሉ ይወርዳል። ፍሬን የሚታገለው ኃይል በፍጥነቱ ልክ አያድግም፤ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። በሰዓት ከ90 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ከፍ ያለች መኪና ፍጥነቷ የጨመረው በአንድ ሦስተኛ ቢሆንም፣ ፍሬኗ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ኃይል ከሦስት አራተኛ በላይ ይጨምራል። ታምቡር ፍሬን ደግሞ ሲግል ታምቡሩ ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ የጋለው ሸራም መያዙን ይቀንሳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ሾፌር ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ከመኪናዋ ሥር ያለ አንድ ዕቃ ብቻ ቀረብ ብለን እንይ፤ የፍሬን ማስተሩን። በቀደሙት ቮልሶች ላይ ማስተሩ አንድ መስመር ብቻ አለው። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱ ከአንድ ክፍል ተነሥቶ ወደ አራቱም ጎማ ይገፋል። ከአራቱ ጎማዎች ወደ አንዱ የሚሄደው የላስቲክ ቱቦ ቢቀደድ ግፊቱ በዚያ ቀዳዳ ያልቃል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። የተረፈው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። እነዚህ ቱቦዎች ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ የሚያረጁ መሆናቸው ነገሩን ያከፋዋል። ፋብሪካው ራሱ ይህን አይቶ ነው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የፊትና የኋላ ፍሬን መስመር ለየብቻ ወደሆነበት ማስተር የተሻገረው። ያ ማስተር በአሮጌዋ ላይ ሲገባ ሻንሲ አይቆርጥም፤ ተጨማሪ ቱቦና የዘይት ማጠራቀሚያ ነው የሚፈልገው። ወጪው ከሞተር ግዢ ጋር አይወዳደርም። ከውጭ ስለማይታይ ግን ማንም አያደንቀውም፣ ፎቶም አይነሣበትም፤ የሚዘለለውም ለዚህ ይመስለኛል።

ከፍሬኑ የሚከተለው የኋላ አክስሉ ነው፤ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ዘመናዊ ዕቃ ብቻውን ሲገባ ጥፋት የሚያመጣው እዚህ ነው። የድሮዋ ቮልስ የኋላ አክስል የሚታጠፈው ካምቢዮው አጠገብ ብቻ ነው፤ ጎማው ጋ መታጠፊያ የለውም። ስለዚህ የመኪናዋ ኋላ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ጎማው ቀጥ ብሎ አይወጣም አይወርድም፤ አብሮ ያጋድላል። ሾፌሩ ኩርባ ውስጥ በፍጥነት ገብቶ ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ ላይ ቢያነሣ፣ የኋላው አካል ወደ ላይ ይነሣል፣ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ መኪናዋ ኋላዋን ትስታለች፣ ሲብስም ትገለበጣለች። ተመሳሳይ አክስል የነበራቸው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1963 የተሠሩት የሼቭሮሌት ኮርቬር መኪኖች፣ የመኪና ደህንነት ተሟጋቹ ራልፍ ናደር በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የአሜሪካ መነጋገሪያ የሆኑት በዚሁ ነበር። የመንግሥት ምርመራ በ1972 ኮርቬር ከዘመኗ መኪኖች የከፋች አይደለችም ብሎ ቢደመድምም፣ ሼቭሮሌት ራሱ አስቀድሞ አክስሉን ቀይሮታል። ቮልስዋገንም ቀይሮታል፤ ከ1968 ሞዴል ጀምሮ በሁለቱም ጫፍ የሚታጠፍ አክስል ማስገባት ጀመረ፤ በ1970 ደግሞ 1302 የተባለችው ቮልስ ከፊት ሞላና አሞርዛተር በአንድ ላይ የተገጠሙበት ዘመናዊ ሰስፔንሽን ይዛ ወጣች።

አሁን ሰፊና ዘመናዊ ጎማ በዚህ አሮጌ አክስል ላይ ሲገባ የሚሆነውን አስቡ። ጎማው አስፋልቱን በደንብ ስለሚይዝ ሾፌሩ ልበ ሙሉ ሆኖ ኩርባውን በፍጥነት ይገባበታል። መኪናዋን ከኋላ ወደ ላይ የሚያነሣው ግፊት የሚመጣው ግን ከጎማው መያዝ ነው፤ ጎማው አጥብቆ በያዘ ቁጥር ግፊቱም ይበረታል። ቀጭኑ የድሮ ጎማ ተንሸራቶ ያስጠነቅቅ ነበር፤ አዲሱ ይይዝ ይይዝና ድንገት ይገለብጣል። መንገዱ ስለማይመች ብለው ከኋላ ከፍ የሚያደርጓት ደግሞ ነገሩን ያብሱታል፤ አክስሉ ገና ከመነሻው ወደ አደገኛው ማዕዘን ይጠጋልና። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ መካኒክ ክፉ አስቦ አይደለም፤ አንድ ዕቃ ሲነካ ሌላው አብሮ እንደሚነካ የሚያሳየው ሰነድ በእጁ ስለሌለ ነው። ለዚህም ነው ከማንኛውም ገበያ ከሚመጣ ዕቃ ይልቅ የቮልስን የኋለኛ ዓመት ሞዴሎች ዕቃ የማስቀድመው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. እስከ ሐምሌ 2003 ድረስ፣ መጨረሻ ላይ በሜክሲኮ፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ሲሠራ ስህተቱን ራሱ እያረመ ነው የሄደው። በ1966 ለወጣችው 1500 የፊት ዲስክ ፍሬን አስገብቶላታል። ልኬቱ የተፈተነ ነው፤ የሶማሌ ተራ ነጋዴም የሚያውቀው ዕቃ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ መቀየርም ይወራል፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአንድ የጀርመን ድርጅት ጋር ሆኖ የድሮ ቮልስ ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ አሳይቷል። 60 ኪሎ ዋት ሞተርና 36.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ገባላት፤ ክብደቷ 1,280 ኪሎ ደረሰ። የ1960ዎቹ ቮልስ ከ800 ኪሎ በታች እንደነበረች ልብ ይሏል። ልምድ ያለው ፋብሪካ ያንን ባትሪ ሲጭን አብሮ ያደረገው ሻንሲውን ማጠናከርና ፍሬኑን ማሳደግ ነበር። ይህን ሥራ በትንሽ ጋራዥ የሚሞክሩ ወጣቶቻችን ባትሪውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም እንዲቀዱ እመኛለሁ።

የታሪክ ወዳጆች ተቃውሞ ክብደት አለው። ቮልስ ለእኛ ዝም ብላ መኪና አይደለችም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ነበር። እንዲህ ያለች መኪና ዕቃዋ በተቀየረ ቁጥር ምስክርነቷ ይቀንሳል የሚሉት እውነት አላቸው። ሙዚየም የሚገባት፣ ወይም የመጀመሪያ ዕቃዋን እንደያዘች የቆየች ብርቅዬ መኪና መነካት የለባትም፤ በዚህ አልከራከርም። ይሁንና ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን እንኳ ጥንታዊ የሚላት ቢያንስ 30 ዓመት የሞላትን፣ በታሪካዊ ይዞታዋ የተጠበቀችውንና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማታገለግለውን መኪና ነው። ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሰው ቮልስ በዚህ ፍቺ ውስጥ አትገባም። እሷን የሚመለከተው ጥያቄ የሚቆረጥና የሚበየድ ነገር ስለመኖሩ ነው። በብሎን የገባ ማስተር በብሎን ይወጣል፤ የወጣው አሮጌ ዕቃ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ የልጅ ልጅ መልሶ ይገጥመዋል። ለሌላ ሞተር ቦታ ተብሎ የተቆረጠ ሻንሲ ግን አይመለስም። እንግሊዞች ለረጅም ዓመታት የተቀየረ መኪና ማንነቱን ጠብቋል አልጠበቀም ብለው ሲመዝኑ ለሻንሲው 5 ነጥብ፣ ለሰስፔንሽን፣ ለአክስል፣ ለካምቢዮና ለመሪ ለእያንዳንዳቸው 2 ነጥብ ሲሰጡ፣ ለሞተር የሰጡት 1 ነጥብ ብቻ ነው። የመኪና ማንነት በዋነኝነት ያለው ሻንሲው ላይ ነው ማለታቸው ነው፤ ልክ ናቸው።

ሌላው ተቃውሞ «ሃምሳ ዓመት በዚሁ ፍሬን ተነድታለች፤ ምን ሆነች?» የሚል ነው። እሷ አልተለወጠችም፤ ዙሪያዋ ነው የተለወጠው። ዛሬ ከፊቷ የምትሄደው መኪና ኮምፒውተር በሚቆጣጠረው ዲስክ ፍሬን በአጭር ርቀት ቀጥ ትላለች፤ ከኋላዋ የሚመጣው ሲኖትራክ በደርዘን ቶን የሚቆጠር ጭነት ተሸክሟል። በቀለበት መንገድ ላይ ያለ እግረኛ ደግሞ የምትመጣው መኪና የ1965 ሞዴል ትሁን የ2025 አይቶ አይሻገርም።

እንግዲህ ሥራው የባለቤቱና የመካኒኩ ብቻ ሊሆን አይገባም። ሊብሬ ላይ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ይጻፋል፤ ፍሬኑ ወይም አክስሉ በምን እንደተተካም መመዝገብ አለበት። ጀርመኖች ብዙዎቹ የተለወጡ ዕቃዎች በመርማሪ ታይተው በመኪናው ወረቀት ላይ እንዲሰፍሩ ያደርጋሉ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቅጽና ሥራውን የሚያውቅ መርማሪ ነው። ለቦሎ ምርመራ የምትቀርብ የተለወጠች መኪና ባለቤትም ሥራውን ከሠራው ጋራዥ የተፈረመ ዝርዝር ቢያቀርብ፣ ጥንቁቁ መካኒክ ከግዴለሹ ይለያል። ደንቡ እስኪመጣ ድረስ ግን ቮልስ ያላችሁ ሁሉ መጠበቅ የለባችሁም። ለሞተር ያጠራቀማችሁት ገንዘብ ካለ መጀመሪያ አራቱን ታምቡር አስፈቱ፣ የላስቲክ ቱቦዎቹን በሙሉ አስቀይሩ፣ ማስተሩ ባለ አንድ መስመር ከሆነ በባለ ሁለት መስመር አስተኩ፣ አሞርዛተሮቹንና የጎማዎቹን ዕድሜ አስፈትሹ። ሞተሩን ከዚያ በኋላ ግዙ።