ድንጋይ ለማየት ይኬዳል ወይ?

የዘንድሮው የመስክ ጉብኝት ወዴት ይሁን የሚለው ክርክር በዶርምም በካፌም አላልቅ ብሏል። አብዛኛው ላንጋኖ ይላል። እኔ መልካ ቁንጥሬ ብያለሁ። «ድንጋይ ለማየት ነው ከአሰላ ድረስ የምንሄደው?» ላላችሁኝ መልሴ ይኸው።

አዎ፣ ድንጋይ ለማየት ነው። ስፍራው ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዋሽ ዳር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው ጄራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነው። በ2024 ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ባለፈው ክረምት ለብቻዬ ሄጄ አይቼዋለሁ። ሙዚየሙ ጥቂት ጎጆ መሰል ቤቶች ነው፤ ከውጭ ሲያዩት የገበሬ ግቢ እንጂ ሙዚየም አይመስልም።

«አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም አይበቃም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይበቃም! በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለ ድንጋይ ያው ድንጋይ ነው። እዚያ ግን ወንዙ አጠገብህ ነው፤ ስለቱ እንደ ምላጭ የሆነው ጥቁር ባልጩት የሚወጣበት ባልጪትም ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። ጎምቦሬ በተባለው ቁፋሮ ቦታ አጥንቱና መሣሪያው እንደተገኘ መሬቱ ላይ ተትቷል። በዚሁ በጎምቦሬ 700,000 ዓመት ያስቆጠረ የእግር አሻራ ተገኝቷል፤ የአዋቂ ብቻ ሳይሆን የትንንሽ ልጆችም። ልጆቹን ይዘው ነበር ማለት ነው፣ እንደ ማንኛውም ቤተሰብ።

ለእኛ ለደገኞቹ ደግሞ ሌላም ነገር አለው። የሰው ዘር ጥንት ሲባል ሁላችንም የምናስበው የአፋርን በረሃ ነው፤ ክፍል ውስጥም ሉሲን አንድ ቀን አንስተን በማግስቱ አክሱም እንገባለን። መልካ ቁንጥሬ ግን 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ደጋ ነው። ጋርባ በተባለው ቦታ የተገኘው የሕፃን መንጋጋ የሆሞ ኢሬክተስ እንደሆነና 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንዳስቆጠረ በ2023 የወጣ ጥናት አመልክቷል። እስቲ አስቡት፤ እኛ ጭላሎ ሥር በጋቢ ተጠቅልለን ብርዱን እናማርራለን፣ እነሱ ያለ ጋቢ ደጋ ወጥተው ልጅ አሳድገዋል።

ላንጋኖ ባዮችም አይቅርባችሁ። ከመልካ ቁንጥሬ በቡታጅራ አድርገን ዝዋይ እንወጣለን። ከሐይቁ በስተምዕራብ ገደሞታ አለ፤ ከ270,000 ዓመት በላይ የሆነው የባልጩት መሣሪያ የተገኘበት። ከዚያ ላንጋኖ ቅርብ ነው። መዋኘት የፈለገ ይዋኝ።