ጉባኤው ተጠናቋል፤ የባለሙያዎች ማኅበረሰብ ግንባታ ግን ይቀራል

በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ መርካቶ የሚሻገር ነጋዴ አዲስ የባንክ ሒሳብ ሲከፍት የፋይዳ ቁጥር ይጠየቃል። የፋይዳ ሥርዓት የተመሠረተው በሕንድ ባንጋሎር በተጀመረው ሞሲፕ የተሰኘ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ነው።

አዲስ አበባ በየካቲት 2016 ዓ.ም የሞሲፕ ተጠቃሚ አገሮችና አልሚዎች የተገናኙበትን ጉባኤ አስተናግዳለች። መድረኩ የልምድ ልውውጥ ዕድል ቢፈጥርም ብቻውን የባለሙያ ማኅበረሰብ አይገነባም።

የክፍት ምንጭ ሶፍትዌርን ኮድ ማንም አይቶ ሊያሻሽለው ይችላል፤ የፈቃድ ክፍያም አይጠየቅበትም። ይሁን እንጂ ኮዱን ጠንቅቆ የሚያውቅ የአገር ውስጥ ባለሙያ ከሌለ ብልሽት በተፈጠረ ቁጥር የውጭ እጅ መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ስለሆነም መሥሪያ ቤቶች ባለሙያዎቻቸው ያሻሻሉትን ኮድ ለጋራው ማኅበረሰብ እንዲያበረክቱ የሥራ ሰዓትና በጀት ሊመድቡ ይገባል።