የሐናንያ ቀንበር
ሐሰተኛ ነቢይ ሲባል ለጣዖት የሚያጥን ሰው ብቻ የሚታየን ብዙዎች ነን፤ ነገር ግን በይሁዳ ንጉሥ በሴዴቅያስ ዘመነ መንግሥት፣ በ4ኛው ዓመት በ5ኛው ወር፣ የገባዖኑ ሐናንያ በካህናቱና በሕዝቡ ፊት ነቢዩ ኤርምያስ ለባቢሎን የመገዛት ምልክት አድርጎ የተሸከመውን የእንጨት ቀንበር ከአንገቱ ወስዶ ሲሰብር የቆመው በቤተ መቅደስ፣ የተናገረውም በእግዚአብሔር ስም ነበረ፤ የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር የማረከው ንዋየ ቅድሳት በ2 ዓመት ውስጥ ይመለሳል ማለቱም፣ ሕዝቡ የሚናፍቀው ይህንኑ ነበርና፣ ከመርዶ ነጋሪው ከኤርምያስ ይልቅ ተወዳጅ ሳያደርገው አልቀረም። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ኤርምያስ አስቀድሞ አሜን ብሎ መልካሙን መመኘቱ፣ ቀንበሩ በተሰበረ ጊዜም አንዲት ቃል ሳይመልስ መንገዱን መሄዱ ነው፤ ይህ ትዕግሥት፣ እንደሚመስለኝ፣ ከፍርሃት የመጣ ሳይሆን ከኦሪት የተቀዳ ነው፤ ዘዳግም በምዕራፍ 18 ያልተፈጸመ ትንቢት ከእግዚአብሔር እንዳልሆነ ሲያስተምር፣ በምዕራፍ 13 ደግሞ ምልክቱ ቢፈጸም እንኳ ወደ ባዕድ አምልኮ የሚስበውን እንዳንሰማ ያዝዛልና፤ መጻሕፍትን የማይመረምር ምእመን ግን ከሁለቱ ሚዛን አንዱን ሳይዝ ተአምር ሲቈጥር ይኖራል። ፍርዱም አልዘገየም፤ በእንጨቱ ፈንታ የብረት ቀንበር ታወጀ፣ ሐናንያም በዚያው ዓመት በ7ኛው ወር ሞተ፤ ንዋያቱ የተመለሱት ቂሮስ ባቢሎንን ከያዘ በኋላ ነው።