መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ? የሚኒያፖሊስ መምህራን ጣጣ

መስሪያ ቤት ሰው ሲቀንስ ቀድሞ የሚሰናበተው ማነው? የአሜሪካ መምህራን ማህበራት የለመዱት መልስ፦ መጨረሻ የተቀጠረው። ህጉ መጥፎ አይደለም፤ አለቃ የጠላውን እየመረጠ እንዳያባርር ያግዳል። በሚኒሶታ ግዛት የሚኒያፖሊስ መምህራን ማህበር ግን በ2022 (እ.ኤ.አ.) ይህን ህግ ነካካው።

ማህበሩ በዚያ ዓመት ማርች ላይ ሦስት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ አድማ መታ፤ ከ1970 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ከአድማው በኋላ በተፈረመው የህብረት ስምምነት ውስጥ አንድ አንቀጽ ገባ። የቅነሳ ተራው በመምህራኑ መካከል ቁጥሩ አነስተኛ ከሆነ ወገን የመጣ ሰው ላይ ከወደቀ፣ እሱ ይታለፍና ቀጣዩ ይቀነሳል።

ለምን አስፈለገ? እዚያ ዘመድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ጥቁሩ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ላቲኖው ሞልቷል። ሰሌዳው ጋ የሚቆመው ግን በአብዛኛው ነጭ ነው። ጥቁሮቹና ስደተኞቹ መምህራን ገና በቅርቡ የተቀጠሩ ከሆኑ፣ «መጨረሻ የገባ ይውጣ» የሚለው ህግ የማንንም ዘር ሳይጠራ እነሱኑ ጠርጎ ያስወጣል። ዘር ያልጠቀሰ ህግ ሁሉ ገለልተኛ አይደለም።

ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። ስምምነቱ በተፈረመበት ዓመት አንዲት ግብር ከፋይ ክስ መሰረተች፤ በ2025 መጨረሻ ደግሞ የፌዴራሉ ፍትህ ሚኒስቴር ራሱ ትምህርት ቤቶቹን ከሰሰ። ከሳሾቹ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። በ1986 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በሚሺጋኗ ጃክሰን ከተማ የነበረን ተመሳሳይ አንቀጽ 5 ለ 4 ሽሮታል። የሀሳቡ ጭብጥ፦ ሲቀጠር ማገዝ አንድ ነገር ነው፣ በእጁ ያለውን ስራ በዘሩ ምክንያት ማሳጣት ግን ሌላ።

እኔ ማህበሩ ጥያቄውን ማንሳቱን እደግፋለሁ። ጠንካራ ካርዱ ግን ይህ አንቀጽ አይመስለኝም። በዚያው አድማ የመምህር ረዳቶችም አብረው ወጥተው ነበር። የተለያየ ዘርና ቋንቋ ያለው ሰው በብዛት የሚገኘው እነሱ ጋ ነው፤ ነገ መምህር የሚወጣውም ከዚያ ነው። የመነሻ ክፍያቸው በዓመት 24,000 ዶላር አካባቢ ነበር፤ የጠየቁት 35,000። በዚያች ከተማ የቤት ኪራይ 24,000 ይዞ የማስተማሪያ ፈቃድ ለማግኘት ኮሌጅ የሚማር ስንቱ ነው? ሚዲያው ግን ሲጮህ የከረመው ስለ ቅነሳው አንቀጽ ነው።