የትንሿ ሄሊኮፕተር ጅማቶች

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ለልጆች ከሚልኳቸው ስጦታዎች አንዷ በሪሞት የምትበር ሄሊኮፕተር ናት። ለትልልቅ ልጆች የምትሆነዋ ተገጣጥማ መስተካከል አለባት።

አሠራሯ የሰው ክንድ ይመስላል። ሰርቮ የሚባለው ትንሽ ሞተር ጡንቻ ነው፤ ቀጭኗ ዘንግ ጅማት ናት፤ ጫፏ ላይ ያለችው ድቡልቡል መጋጠሚያ እንደ ዳሌ አንጓ ትዞራለች። ጅማቱ ከላላ ክንፉ ይንቀጠቀጣል፤ ከጠበቀ ሰርቮው ይግላል፣ ባትሪም ቶሎ ያልቃል።

የሪሞቱ መሪ መሐል ሲሆን የሰርቮው ክንድ ከዘንጉ ጋር 90 ዲግሪ ይሥራ። ከክንፎቹ ሥር ያለችው ሳህን ካዘነበለች የዘንጎቹን ጫፍ እያዞሩ በማሳጠር ወይም በማስረዘም ያስተካክሏት። ከዚያ መሪውን በየአቅጣጫው ሲገፉት የሚይዝ ነገር እንዳይኖር ይዩ።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ግን ክንፎቹን የሚያሽከረክረው ዋናው ሞተር ሽቦው ይነቀል። ሰርቮዎቹ ያለ እሱ ይሠራሉ። ሲያበሩ መጀመሪያ ሪሞቱን፣ ሲያጠፉ መጀመሪያ ሄሊኮፕተሯን ያድርጉ። የሚሽከረከር ክንፍ ጣት ይቆርጣል፣ ዓይን ያጠፋል።

ዓይን ከተመታ አይታሽ፣ አይጫኑት፤ የተሰካ ነገር ካለ አይንቀሉ። በንጹሕ የወረቀት ኩባያ ከልለው ፈጥነው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱ። ለእኛ ለቁንዝላ ሰዎች እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ሽቦውን መንቀል ግን ደቂቃም አይፈጅም።