«ፎርማት ይደረግ» ጥገና አይደለም!

ጂንካም ይሁን ኦሞራቴ፣ የመንግሥት ቢሮ ፕሪንተር እምቢ ሲል የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፦ «ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግ!» ጥርሱን ያመመውን ሰው አንገቱን እንደመቁረጥ።

ቀልድ አይደለም። እዚያ ዴስክቶፕ ላይ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር አለ፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ቅጂ የለውም። ዳሰነች በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው የገደለበት ወረዳ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ማን ተፈናቀለ፣ ማን እህል ወሰደ የሚለው የሚጣራው ከእንዲህ ያለ ፋይል ነው።

ዊንዶውስ እኮ ሕመሙን ራሱ ይናገራል። ዲቫይስ ማኔጀር ተከፍቶ ቢጫ ምልክት ያለበት መሣሪያ ይታይ። ኮድ 28 ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው፣ ኮድ 10 መሣሪያው መነሳት አቅቶታል፣ ኮድ 12 ደግሞ የሚያስፈልገውን ሌላ መሣሪያ ይዞበታል። ይህ የመጨረሻው በዊንዶውስ 95 ዘመን የተለመደ ነበር፤ ያኔ የኢንተራፕት መስመሩ 16 ብቻ ስለነበር ሳውንድ ካርድና ሞደም ይሻሙበታል። ዛሬ ብርቅ ነው። የዛሬው ጣጣ ሌላ ነው፦ ወለል ሲጠረግ የፕሪንተሩ ገመድ ይነቀልና ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ይሰካል። ዊንዶውስ አዲስ ፕሪንተር የመጣ ይመስለውና ከስሙ ጎን «ኮፒ 1» ብሎ ይመዘግበዋል። ደብዳቤው ግን አሁንም የሚላከው ወደ አሮጌው ስም ነው፤ እሱ ደግሞ ኦፍላይን ነው። ገመዱን ወደ ቀድሞ ቀዳዳው መመለስ፣ ወይም አዲሱን ዲፎልት ማድረግ። አለቀ! ለዚህ ነው ዲስክ የሚደመሰሰው?

ጠጋኞቹን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ድራይቨር ማውረድ ፈተና ነው፤ ፎርማት በፍላሽ ይሠራል፣ ዋጋውም የታወቀ ነው። ለምርመራ ብቻ የሚከፍል ደንበኛ ደግሞ የለም። (ለሐኪም ካርድ ለማውጣት ግን ማንም አይከራከርም።) ዋናው ጥፋት ግዥ ክፍሉ ጋ ነው፦ የራምና የፕሮሰሰር ዓይነት ሲቆጥር ውሎ ድራይቨሩ በፍላሽ ተቀድቶ ይቅረብ ማለትን ይረሳል። ጂንካ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማ ውስጥ እያለ፣ ለቢሮ ሠራተኞች የሁለት ቀን ሥልጠና ማሰጠት ይህን ያህል ይከብዳል?

የመንግሥት መኪና ሞተር ያለ ፊርማ አይወርድም። ዲስክም ከመደምሰሱ በፊት ፋይሉ መቀዳቱን የሚያረጋግጥ ኃላፊ ይፈርም። ከዳሰነች ድረስ ስሙን ሊያጣራ የመጣ አርብቶ አደር «ፋይልህ ጠፍቷል» ሲባል፣ ማን እንዳጠፋው የሚያሳይ አንድ ወረቀት እንኳ ይኑር።